እማሆይ ከአጥር ውጭ ቁጭ ብለው የበሉ ቀን (27 መልስ ያለው ክር፣ በእኔ አፍ)

ሰላም ቤቶች። ክሩ ረዝሞብን ከመሃል ገብተን ምን እንደተባለ ጠፋን እያላችሁ ኢንቦክስ ያደረጋችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ የጀመርኩትም እኔ ስለሆንኩ ከላይ እስከታች ላውራላችሁ። የማንንም ጽሑፍ ኮፒ ፔስት አላደርግም፣ ቁጥሩን ብቻ እጠራለሁ፣ ዋናውን የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ ያንብብ። አድልተሃል ካላችሁኝ አዎ አድልቻለሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። ባሕር ዳር ከጣና ሐይቅ ዳር ብዙም የማይርቅ ሰፈር የዘመድ ተዝካር ነበረ። ድንኳን ተተክሏል፣ በሬ ታርዷል፣ መጀመሪያ ካህናቱ ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎ ዘመድ አዝማድ፣ ከዛ ጎረቤትና እድርተኛው። ነዳያኑ ከአጥር ውጭ ናቸው፣ ዱላ የያዘ ዘበኛ ሰልፍ ያስይዛቸዋል፣ የሚደርሳቸውም መጨረሻ ላይ ከየትሪው የተራረፈው በሳፋ ተደባልቆ ነው። ያደግንበት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፣ እኔም ብሆን ልብ አላልኩትም ነበር። ብቻ አንዲት አሮጊት እማሆይ ከካህናቱ ጎን ቦታ ተለቆላቸው ሳለ ብድግ ብለው ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡና ከነዳያኑ መሃል መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ባለቤቶቹ ደነገጡ፣ ኧረ እማሆይ ነውር ነው፣ ይግቡ ምናምን ተባሉ፣ አልገቡም። ሳፋው ሲመጣ ከሳፋው በሉ። አጠገባቸው የነበረ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ደግሞ ማን እንደሆኑ ሳያውቅ ጠቅልሎ አጎረሳቸው።

የጠየቅኩት ይቺን ነበር፣ እማሆይ ያደረጉት የመነኩሴ ግዴታ ነው ወይስ የራሳቸው ደግነት? መመንኮስ ከዓለም መሸሽ ከሆነ ከድሃ ጋር መሬት ላይ መቀመጥ የት ይገባል?

1ኛና 2ኛ መልስ የተለመደው ነው፣ አንዱ የእማሆይ በረከት ይደርብን አለ፣ ሌላው አሜን አለ።

3ኛ ላይ አንድ ዲያቆን ገባ፣ በጣም ጨዋ ልጅ ነው። በእሱ አባባል ጥያቄዬ ከመነሻው ተበላሽቷል። ገዳም አንድነትና ቁሪት የሚባል ሁለት ዓይነት ነው፣ በቁሪት መነኩሴው ጎጆውም ጓዳውም ለየብቻ ነው፣ በአንድነት ግን የኔ የሚባል ነገር የለም፣ ሥራው በጋራ፣ ማዕዱ በጋራ፣ መቁነኑ ማለትም የዕለት ድርሻው ለአበምኔቱም ትናንት ለገባው ረድእም እኩል ነው። ሥሩን ሲያስረዳም የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን ጠቀሰ፣ ያላቸውን እየሸጡ በጋራ ሲያኖሩ ከመካከላቸው ችግረኛ አልነበረም የሚለውን ቦታ። እና እማሆይ ድሃ ፍለጋ የወጡ ሳይሆን ቤታቸው እንደሚበሉት የበሉ ናቸው፣ ግራ የሚያጋባው የእኛ ድንኳን ነው ባይ ነው። ይሄ አነጋገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

4ኛዋ ግን ቀዝቃዛ ውሃ ደፋችብን። አንድነትም በሉት ቁሪት፣ ለተዝካሩ ሦስት ቀን ሙሉ ሽንኩርት የከተፉት፣ በጭስ የታጠኑት ሴቶች ጓዳ ቆመው ነው የሚበሉት፣ ስለ እነሱ የጻፈ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ለሴት ስለማይፈቀድ ጓደኞቿ ገብተው እስኪወጡ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሲያቃጥላት እንደዋለችም ጨመረችበት። ዲያቆኑ ያ የመነኮሳቱ ሥርዓት እንጂ ንቀት አይደለም ብሎ መለሰላት እንጂ የጓዳዋን ጥያቄ ማንም አልነካውም። እኔም አልነካሁትም፣ አሁን ሳየው ነውር ነው።

5ኛው እዚህ ቤት ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ ናቸው፣ ሲጽፉ ነጥብ አያውቁም ግን ነገር ያውቃሉ። ስለ ድሃ እናውራ ካልን ስለ መሬት እናውራ ነው የሚሉት። ሲሶ ለንጉሥ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ ሲባል የነበረው ቀልድ አልነበረም፣ የደሴቶቹ ገዳማት በሐይቁ ዳርቻ ጉልት ማለትም ግብር የሚሰበስቡበት መሬት ነበራቸው፣ ደሴቱን በዓይኑ ብቻ የሚያውቀው ገበሬ ከምርቱ እየቆነጠረ ይገብር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን አለቀሰች፣ ገበሬው ግን እልል አለ፣ እሳቸውም ልጅ ሆነው እልልታውን እንደሰሙ ነገሩን። ስለዚህ ያ በዲያቆኑ የተወደሰው እኩል መቁነን ከማን ጎተራ እንደመጣ አብረን እንጠይቅ ነው ነገራቸው።

6ኛው አልተቀበላቸውም፣ ግን በአክብሮት ነው። የሹማምንቱ ጉልት የት ሄዶ ነው የገዳሙ ብቻ የሚነሳው፣ አዋጁ ከወጣ በኋላስ መነኮሳቱ ምን እንደቀመሱ ያየ አለ ወይ፣ ዛሬ ብዙው ገዳም የሚኖረው በምእመን እጅና በጎብኚ ትኬት ነው፣ ሌላው ቢቀር በደርግ ጊዜ ድሃና መነኩሴ ባንድ ላይ ነው የተራቡት ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ሁለቱንም ላይክ አደረግኩ፣ በዚህም ወላዋይ ተባልኩ።

7ኛው የዘጌ ልጅ ነው። ዘጌን የማያውቅ ካለ፣ ባሕረ ገብ መሬቱ ላይ በሬ አይጠመድም፣ ከብት አይረባም፣ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይባላል፣ ኑሮው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ቱሪስት ሲመጣ ይሄንን ነው የምንነግረው። ልጁ የነገረን ግን የማንነግረውን ነው። ያ ሁሉ ቡና በማን ጉልበት ተለማ? አያቱ እንዳወሩለት በባሪያ ጉልበት ጭምር ነው፣ ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከቀረ ከስንት ዓመት በኋላም ዘራቸው እየተቆጠረ በድግስ ላይ ለብቻ የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። አያቱ ከየትኛው ወገን እንደነበሩ አልጻፈም። እኔም አልጠየቅኩትም፣ የጠየቀው ሰው ቢኖር አድሚኑን ራሴ እጠራ ነበር።

8ኛ ላይ ጸባዩ ተበላሸ። የገዳሙን ስም አታጥፉ፣ ማስረጃ አምጡ፣ የአያት ወሬ ማስረጃ አይሆንም፣ ከውጭ የተላከላችሁን አጀንዳ ነው የምታራግቡት ብሎ ወረደብን። ዝም አልኩት። ስለ አቡኑ ቃል ኪዳን ሲሆን የአያት ወሬ ይበቃዋል፣ ስለ ባሪያው ሲሆን ማህተም ያለው ወረቀት ይፈልጋል።

ከ9 እስከ 12 ያለውን ዝለሉት። ዘጌ ሲባል ቡናው ተነሳ፣ የታጠበው ይሻላል ያልታጠበው፣ ቀጥሎ የጀልባ ዋጋ፣ ቀጥሎ ሐይቁን የወረረው እንቦጭ አረም፣ እሱም 2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ጀምሮ ስንት ጊዜ ተነቅሎ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ፣ ባለ መረቡ ዓሣ አጥማጅ ከሁሉ በፊት እንዴት እንደተጎዳ። ይሄ መጨረሻው ለርዕሱ ይቀርብ ነበር፣ ማንም አልያዘውም።

13ኛዋ ካቶሊክ እህት ናት፣ እዚሁ ባሕር ዳር የምትኖር። ባሕር ዳር ላይ ካቶሊክ አለ እንዴ ላላችሁት፣ የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት እ.ኤ.አ. በ2015 የተቋቋመ ነው፣ ቁጥራቸው ጥቂት ነው እንጂ አሉ። ሐሳቧ ሁለት ነገር አትቀላቅሉ የሚል ነው፣ ዳቦ መስጠት አንድ ነው፣ ዳቦ ለምን ጠፋ ብሎ መጠየቅ ሌላ ነው። ለመጀመሪያው የእማሆይ ቴሬዛ እህቶችን አነሳች፣ አዲስ አበባ ማንም ያልተቀበለውን በሽተኛ ተቀብለው የሚያጥቡትን። ለሁለተኛው ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ሄደች፣ ጳጳሳቱ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜደሊን ላይ ተሰብስበው ድህነቱ ዕጣ ፈንታ ሳይሆን በደል መሆኑን እንደተናገሩ፣ ጉስታቮ ጉቲዬሬዝ የሚባለው የፔሩ ቄስ ሊማ ውስጥ ድሃ ሰፈር እያገለገለ ነገረ መለኮትን ከድሃው ጎን ቆሞ እንደጻፈ፣ የሳን ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮም እሁድ እሁድ በሬዲዮ በሚተላለፈው ስብከቱ የተገደሉትንና የጠፉትን በስም እየጠራ ሲናገር ቆይቶ በ1980 ቅዳሴ ላይ እያለ በጥይት እንደተገደለ ተረከች። የድህነት መሐላ የገባ ሰው ድሃው ሲገፋ ዝም ካለ መሐላው ልብስ ብቻ ነው የሚል ነበር መደምደሚያዋ። ረጅም ነው ግን ሁሉንም አነበብኩት።

14ኛው ያነበበው አይመስለኝም። ይሄ ማርክሲዝም ነው፣ እኛ በደርግ አይተነዋል፣ ለድሃ ቆሜያለሁ የሚለው መንግሥት ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1971 ገድሎ የቀበረ ነው፣ ደግሞ በ1980 ደርግ እያለ እነዚህ ምን ያውቃሉ አለ። ሐዘኑ ይገባኛል፣ ቤተሰቡ በዚያ ዘመን ሰው ያጣ ይመስላል። ግን ነገሩን አቀላቀለው።

15ኛው ረጋ ብሎ አቃናው። ልጅቷ 1980 ስትል እ.ኤ.አ. ማለት ረስታ ነው፣ በእኛ መጋቢት 15 ቀን 1972 ዓ.ም. ነው። ሮሜሮን የገደሉትም ኮሙኒስት ነህ እያሉ ሲዝቱበት የነበሩት ወገኖች ናቸው፣ እዚህ ለድሃ ቆመናል ባዮች ጳጳስ ገደሉ፣ እዚያ ለድሃ ቆመሃል ተብሎ ጳጳስ ተገደለ። ቀጥሎ ያመጣው ነው የጣመኝ፣ ሩቅ አገር ለምን እንሄዳለን፣ ስንክሳራችን ላይ ዮሐንስ አፈወርቅ አለ አይደል ወይ? ንግሥት አውዶክስያ የአንዲት መበለት የወይን ቦታ ነጥቃ ይዛ፣ መልሽላት ቢላት እምቢ ስላለች ፊት ለፊት ገሥጿት ለስደት የተዳረገው። ባስልዮስም ቂሳርያ ላይ ለድሃና ለበሽተኛ ሰፊ ማረፊያ ያሠራ መነኩሴም ጳጳስም ነው። ማርክስ ያኔ የት ነበር አለ፣ ሳቅኩኝ።

16ኛው በዚህ ሞቆት ከአገራችንም አለ ብሎ አባ ፊልጶስ ዘደብረ ሊባኖስን ጠራ፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን ገሥጸው የተሰደዱትን። 17ኛው አረመው፣ እነ አባ ፊልጶስ ንጉሡን የገሠጹት የአባቱን ሚስት አገባ ብለው እንጂ ስለ ድሃ አይደለም፣ ድፍረቱ ያው ቢሆንም ጉዳዩ ሌላ ነው። እሱ በምትኩ ያመጣው የ15ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት ነው፣ በገዛ እጃቸው ሠርተው የሚበሉ፣ ለንጉሥ አንሰግድም ብለው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ያን ሁሉ መከራ ያዩ። ወዲያው መናፍቅ ናቸው አይደሉም የሚል ጭቅጭቅ በየስሩ ሰላሳ አርባ ኮመንት ወለደ፣ እሱን አልቆጠርኩትም፣ ከዛ ውስጥ ድሃ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

18ኛው ሙስሊም ወንድማችን ነው፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ ብሎ ነው የጀመረው (ኧረ ምን ጣልቃ፣ ቤትህ ነው)። እነሱ ጋ ዘካ ችሮታ አይደለም። ዓመት የሞላው ገንዘብ ላይ 2.5 ከመቶው መጀመሪያውኑ የባለ ሀብቱ አይደለም፣ ቁርኣን ምዕራፍ 70 ላይ ለጠያቂውና ለተነፈገው የታወቀ መብት ይለዋል። የሰጠ ሰው ዕዳውን ከፈለ እንጂ ቸር አይባልም። እናም ነዳያን ከአጥር ውጭ ሲሰለፉ የሚያሳፍረው ድሃውን ሳይሆን ያልከፈለውን ነው አለ። በሁሉም ወገን የተወደደ መልስ ይሄ ብቻ ነው።

ግን 19ኛው ደስታችንን ቆረጠው። ሁላችሁም ስለ ማዕድ ታወራላችሁ፣ ነገደ ወይጦን ማን ነው አብሮ ያበላ ብሎ ጠየቀ። ታንኳውን ከደንገል ሠርተው ሐይቁን ያሻገሩን፣ የባሕር ዳርን ዳርቻ ከማናችንም በፊት የሚያውቁ ሰዎች፣ ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ክርስቲያኑም በዕቃው አያበላቸውም፣ እስልምናን ተቀብለው እንኳን ሙስሊሙም እንደ ሙስሊም አልቆጠራቸውም። አሁን ደግሞ ዳርቻው በግንባታና በእርሻ ሲያዝ ደንገሉም አብሮ እየጠፋ ነው። 18ኛው ተመልሶ እውነት ነው፣ በልጅነቴ ቤታችንም እንደዛ ይባል ነበር ብሎ አመነ። ከእኛ ወገን ያመነ የለም። እሺ እኔ ልመን፣ እኛም ቤት ለብቻው የሚቀመጥ ኩባያ ነበር።

20ኛው የተቆጣ ሰው ነው። በቃ ለቅሶ አበዛችሁ፣ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ተብሎ ተጽፏል፣ ግማሹ ለማኝ ከእኔ የተሻለ ብር አለው፣ ጊዮርጊስ በር ላይ ሄዳችሁ እዩ ዓይነት ነገር። 21ኛዋ ጥቅሱን በራሱ መለሰችለት፣ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው መሥራት እየቻሉ ለማይወዱ ነው፣ ላልቻለና ሥራ ላጣ አልጻፈም፣ ደግሞ ጥቅሱ በትክክል ከተሠራበት ከአጥር ውጭ የሚቀመጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ ሰውዬው ለልጅቷ የማይጻፍ ነገር ጻፈ፣ 22ና 23 በአድሚን ጠፍተዋል፣ ስክሪንሾት አለኝ ግን አልለጥፍም።

24ኛው ለዚህ ሁሉ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ነው። ዛሬ ባሕር ዳር የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው፣ ጎጃም ውስጥ ከቅኔ ቤት ቅኔ ቤት የዞሩ። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ደበሎ ለብሰው አኮፋዳ አንግተው ከቤት ወጡ፣ ማታ ማታ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ቁራሽ ይለምናሉ፣ ያልተበላውን አድርቀው ኮቸሮ ያደርጉታል፣ ጭናቸው ላይ የውሻ ንክሻ እስካሁን አለ። የሀብታሙ ደጅ ውሻ አለው፣ የድሃው ደጅ ውሻ የለውም፣ ስለዚህ የቆሎ ተማሪን ያሳደገው ድሃው ነው ይላሉ። በሰፈሩ ታዲያ አንዲት መበለት ነበሩ፣ ከጣሪያቸው ጭስ የማይወጣ። ተማሪዎቹ ተነጋግረው እሳቸውን ላለማስቸገር ያንን ደጅ መዝለል ጀመሩ። አንድ ማታ ሴትዮዋ መንገድ ላይ ወጥተው ቆመው ያዟቸው፣ እኔን ምን አድርጌያችሁ ነው ከሰው የለያችሁኝ ብለው ተቆጡ። አልቅሰውም ነበር። ከዛ ከመቀነታቸው ጫፍ ፈተው አንድ ጭብጥ የማትሞላ ባቄላ ቆሎ ለአምስት ልጅ አካፈሉ።

መሪጌታ ይሄን ሲያወሩ ወደ 20ኛው ዞር ብለው፣ ልመና ስንፍና ከሆነ የእኔ ቅኔም የስንፍና ፍሬ ነው ማለት ነው አሉት፣ ያለ ስድብ። ወደ እኔም ዞሩ። እማሆይ ከነዳያኑ ጋር መቀመጣቸውን ብቻ አይተህ ነው የጻፍከው፣ ዓይነ ስውሩ ሲያጎርሳቸው አፋቸውን መክፈታቸውን ግን አለፍከው ነው ተግሣጻቸው። ሰጪ መሆን ለመነኩሴም ለምእመንም ቀላል ነው፣ ሰጪው ሁልጊዜ ከላይ ነው። ዓይነ ስውሩ ግን የእማሆይ ባለ ዕዳ ሳይሆን አስተናጋጃቸው ሆኖ ዋለ። ቤተ ክህነቱም ከነቅኔው ከነድጓው ያደገው ከድሃ ቤት በተለመነ ቁራሽ ስለሆነ፣ ለድሃው የሚያደርገው ነገር ሁሉ የተበላ ብድር መመለስ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። እኔ ጉርሻውን ዓይቻለሁ፣ ጽፌውማለሁ፣ ግን ለማሳመሪያ ነበር የጻፍኩት።

25ኛው የሥራ ሰው ነው፣ ወሬው ይብቃና ምን እናድርግ አለ። በየሰንበቴያችንና በየተዝካሩ ነዳያንን የመጀመሪያ ተራ እናስገባ፣ ዘበኛውን እንተው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። 26ኛዋ ሞክረውት ነበርና የሆነውን ነገረችን። ሰንበቴያቸው ላይ ካህኑ ፈቀዱ፣ አንዳንድ አባወራ ግን ፊቱን አዞረ፣ ከሁሉም የከበደው ደግሞ ነዳያኑ ራሳቸው አንገባም ማለታቸው ነው፣ ልብሳችን ይሸታል፣ በኋላ ታባርሩናላችሁ ብለው ደጁ ላይ ቀሩ። በመጨረሻ ሰሌኑን ወደ ውጭ አወጡትና የሰንበቴው ሽማግሌዎች እዚያው ሄደው በሉ። አሁንም ግማሹ አባል ያጉረመርማል፣ ሁለት ሰው ለቋል።

አንዳንዶቻችሁ የእማሆይን አድራሻ ላክ፣ ብር እናስገባ ብላችሁኛል። አልልክም። ሳልጠይቃቸው ነው የጻፍኩት፣ ይሄው ራሱ ይበቃል።

27ኛዋን በቁጥር ብቻ ማለፍ ፈልጌ ነበር፣ ግን ያነበባችሁ አላችሁ። የአክስቴ ልጅ ናት፣ ተዝካሩ የአባቷ ነበር። የሟች አባቷን ድግስ ለላይክ ሸጥከው አለች፣ ከአጥሩ ውጭ ላሉት ተብሎ ለብቻ የተሠራ ሁለት ድስት ወጥ እንደነበረና ሰው በዝቶ ድንኳኑ ውስጥ እንዳለቀ ነገረችን፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ከዛም ሁለተኛው ተራ ላይ ካህናቱ እንደተነሱ ከቦታቸው ተቀምጬ ወጥ ይጨመርልኝ ብዬ ሁለት ጊዜ ሳህን የላክሁት እኔ መሆኔን ጻፈች።

ልክ ናት፣ ሁለት ጊዜ ነው። እስካሁን አልመለስኩላትም።